የፌራይት ሁለተኛ ዕድል

ከቺካጎ በስተምዕራብ ባታቪያ በምትባል ከተማ የሚገኘው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ፌርሚላብ ዙሪያው 474 ሜትር የሆነ፣ ቡስተር የሚባል ቀለበት አለው። ፕሮቶኖች ወደዚህ ቀለበት የሚገቡት የብርሃንን ፍጥነት 71 በመቶ ያህል ይዘው ነው። ሲወጡ ከ99 በመቶ በላይ ደርሰዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በ33 ሚሊ ሰከንድ ነው። በዚህች ጊዜ ፕሮቶኖቹ ቀለበቱን ወደ 20,000 ጊዜ ይዞሩታል፤ በየዙሩም የሬዲዮ ሞገድ ጠብቆ ወደፊት ይገፋቸዋል። ፍጥነታቸው በጨመረ ቁጥር አንዱን ዙር የሚጨርሱበት ጊዜ ያጥራል። ስለዚህ የሞገዱ ድግግሞሽም ከ37.8 ሜጋኸርዝ ተነሥቶ እስከ 52.8 ሜጋኸርዝ አብሯቸው መውጣት አለበት። ግፊቱ ከተቀጠረለት ቅጽበት ቢዛነፍ ፕሮቶኖቹ መንገዳቸውን ስተው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ይላተማሉ፤ ዋሻውም በጨረር ይበከላል።

ችግሩ ሞገዱን ማመንጨቱ አይደለም። ድግግሞሽን እንዳሻው የሚቀያይር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ማግኘት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ሞገዱ የሚጠራቀምበት ካቪቲ ነው። ካቪቲ ከመዳብ የሚሠራ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ አካል ሲሆን ሞገዱ በውስጡ እየተመላለሰ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት እስኪፈጥር ይጎለብታል። ይህ የሚሆነው ግን የካቪቲው ቅርጽና በውስጡ ያለው ቁስ በሚወስኑት አንድ ድግግሞሽ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ራቅ ያለ ሞገድ ሲመጣበት አብዛኛውን ወደመጣበት ይመልሰዋል። ስለዚህ ካቪቲው ራሱ በየቅጽበቱ እንደገና መቃኘት አለበት። በቡስተር ድግግሞሹ በ40 በመቶ ያድጋል። ይህ እንዲሆን የካቪቲው ኢንዳክታንስ በካፓሲታንሱ ተባዝቶ የሚገኘው መጠን በ33 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ በግማሽ መውረድ ይኖርበታል። ከዚያ ወደነበረበት ተመልሶ እንደገና ይጀምራል፤ በሰከንድ 15 ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት።

ይህን ሸክም ለአሥርተ ዓመታት የተሸከመው ፌራይት የሚባል ጥቁር ሴራሚክ ነው። ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ግን በዘርፉ ያሉ ብዙዎች ፌራይት ዘመኑ አልፏል፣ ቦታውን ለአዳዲስ መግነጢሳዊ ቅይጦች እየለቀቀ ነው ሲሉ ቆይተዋል። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን ፌራይትን በመግነጢስ የመቃኘት የተሻለው ዘዴ ገና በሥራ ላይ ሳይውል ወደ መሳቢያ የገባ ነው። መሳቢያ ውስጥ የከተተውም የፊዚክስ ውድቀት ሳይሆን የሁለት መንግሥታት የበጀት ውሳኔ ነበር። ፌርሚላብ በቅርብ ዓመታት ያንን ዘዴ ማውጣቱ ከአንድ ቤተ ሙከራ የጥገና ሥራ በላይ ትርጉም አለው እላለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፌራይት ውጪ የነበረውን ዘዴ ማየት ይጠቅማል። በ1946 በርክሌይ ላይ ሥራ የጀመረው ትልቁ ሲንክሮሳይክሎትሮን ድግግሞሹን የሚቀይረው በሞተር በሚሽከረከር ካፓሲተር ነበር። በ1957 ሥራ የጀመረው የአውሮፓው ቤተ ሙከራ የሰርን የመጀመሪያ አክሰለሬተር ደግሞ ሁለት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በሰከንድ 55 ጊዜ የሚርገበገብ የአሉሚኒየም ሹካ ተገጥሞለት ነበር። ሹካው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ካፓሲታንሱ ይለወጣል፣ ድግግሞሹም ይከተለዋል። በጊዜው የሚደነቅ ሥራ ነው። የሚንቀሳቀስ ብረት ግን ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። ከዚህ በላይ የሚያሰጋው ደግሞ የራሱ ምት ያለው መሆኑ ነው፤ ከራሱ ፍጥነት ውጪ ሂድ ቢሉት አይሄድም። ዛሬ የምንፈልገው ያለ አንዳች ተንቀሳቃሽ አካል፣ የኤሌክትሪክ ጅረትን በመቀያየር ብቻ መቃኘት ነው።

ፌራይት ይህን ማድረግ የቻለው ሁለት ጠባይ አብረው ስለተገኙለት ነው። የብረት ኦክሳይድ ከኒኬልና ከዚንክ ወይም ከመሰል ማዕድናት ጋር ተደባልቆ፣ ተጨፍልቆና በእቶን ተቃጥሎ የሚሠራ ስለሆነ እንደ ብረት መግነጢስን ይሰበስባል፤ እንደ ሸክላ ደግሞ ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። ተራ ብረት ከፍተኛ ድግግሞሽ ባለው ሞገድ ውስጥ ቢቀመጥ በውስጡ የሚፈጠሩት ሽክርክሪት ጅረቶች ወዲያውኑ ያግሉታል። ፌራይት ከዚህ ይተርፋል። ካቶና ታኬይ በ1930 ቶኪዮ ላይ ሠሩት፤ በሆላንዱ ፊሊፕስ ደግሞ ስኑክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሳድጎ ለኢንዱስትሪ አበቃው። አንባቢ አይቶት ሊሆን ይችላል። የድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ ሲከፈት ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ሲወድቅ እንደ ሸክላ ለሁለት የሚሰበር ጥቁር ዘንግ አለ። የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎችን የሚቀበለው እሱ ነው። በኒውዮርክ አቅራቢያ ብሩክሄቨን ላይ በ1952 የተነሣው ኮስሞትሮን የተባለ አክሰለሬተርም ፕሮቶኖቹን የሚገፋው በፌራይት በተሞላ ጣቢያ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በካቪቲው አካል ላይ የሚገጠም ቱነር የሚሉት ክፍል አለ፤ በውስጡ የፌራይት ቀለበቶች ይደረደራሉ። ፌራይቱ ለሬዲዮው መግነጢሳዊ መስክ ያለው ተቀባይነት፣ ማለትም ፐርሚያቢሊቲው፣ ከፍ ሲል የካቪቲው ኢንዳክታንስ ከፍ ይልና ድግግሞሹ ይወርዳል። አሁን በፌራይቱ ላይ ከውጭ ሌላ መግነጢሳዊ መስክ ይጫንበታል። ይህ ባያስ የሚባለው ነው። መስኩ በጠነከረ ቁጥር የፌራይቱ ውስጣዊ መግነጢሶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ለሬዲዮው መስክ የሚንቀሳቀስ የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። ፐርሚያቢሊቲው ይወርዳል፣ ድግግሞሹ ይወጣል። በቡስተር እያንዳንዱ ካቪቲ ሦስት ቱነር አለው፤ ባያሱን የሚያመጣው ጅረትም በዑደቱ መጨረሻ ከ2,000 አምፔር ያልፋል። ይህን ያህል ጅረት በ33 ሚሊ ሰከንድ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ማውጣት የሚችል የኃይል ምንጭ ለብቻው አንድ ትልቅ ሥራ ነው።

በዚህ ዓይነት ቱነር ባያሱና የሬዲዮው መስክ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ትይዩ ባያስ ሊባል ይችላል። ቀላል ነው፣ ተግባራዊ ነው፣ ሠርቷል። እዳው ሙቀት ነው። ፌራይቱ ገና በመግነጢስ ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ስለሚሠራ በውስጡ ያሉት የመግነጢስ ሠፈሮች፣ ማለትም መግነጢሶቹ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉባቸው ክልሎች፣ ድንበራቸው በየዑደቱ ይፋተጋል፤ ፍትጊያው ሙቀት ይሆናል። ፐርሚያቢሊቲ ከፍ ያለበት፣ ማለትም ዑደቱ የሚጀምርበት ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ፣ ብክነቱ ከሁሉ የከፋ ነው። ሴራሚክ ደግሞ ሙቀትን በቶሎ አያሳልፍም፤ ውስጡ ሲግል ዳሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፣ ልዩነቱ ሲበዛም ይሰነጠቃል። ስኑክ ራሱ ያስተዋለው ሕግ ነገሩን ያጠብቀዋል፦ ፐርሚያቢሊቲው ትልቅ የሆነ ፌራይት ከፍ ያለ ድግግሞሽ ላይ ቀድሞ ይደክማል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አብዝቶ መውሰድ አይቻልም። የቡስተር ማግኔቶች ከመጀመሪያውም በሰከንድ 15 ጊዜ ሲሠሩ ኖረው የፕሮቶን ጨረሩ ግን ለረጅም ጊዜ በዚያ ልክ ያልተላከበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ያን ለማስተካከል ካቪቲዎቹ በየተራ ከዋሻው ወጥተው፣ ጨረራቸው እስኪበርድ ተጠብቆ፣ ተፈትተው ታድሰዋል፤ ቱነሮቻቸውም እንዲሁ። እርጅና የተጫነው፣ በጨረር የተበከለ መሣሪያ በእጅ እየፈቱ መገጣጠም ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለመገመት አይከብድም። የዚህ ዘርፍ አብዛኛው ድካም ከዜና ርቆ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ይውላል።

ሁለተኛው ዘዴ ባያሱን ከሬዲዮው መስክ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን መጫን ነው። ልዩነቱ የአቅጣጫ ብቻ ይመስላል፤ የቁሱን ጠባይ ግን ከሥር ይለውጠዋል። እዚህ ፌራይቱ ከመጀመሪያው እስከ ሙሌት ድረስ ይጫናል፤ የሠፈር ድንበር የሚባል ነገር አይቀርም፣ ፍትጊያውም አብሮ ይጠፋል። የቀረው የኤሌክትሮኖቹ ሽክርክሪት ነው። ሲሽከረከር ዘንበል ያለ እንዝርት አናቱ ክብ እየሠራ እንደሚዞር ሁሉ፣ እነዚህም መግነጢሶች በባያሱ ዙሪያ ክብ እየሠሩ ይዞራሉ። የሬዲዮው መስክ ከጎን ሲነካካቸው ዘንበል ይላሉ፤ ባያሱ ሲጠነክር መዘንበሉ ይቀንሳል። ስሌቱም ቀላል ነው። የሙሌት መግነጢሱ 800 ጋውስ የሆነ፣ ጋርኔት የሚባል የፌራይት ዓይነት በውስጡ 200 ኦርስቴድ መስክ ቢጫንበት ፐርሚያቢሊቲው 5 ገደማ ይሆናል፤ 400 ቢጫንበት ወደ 3 ይወርዳል። ኒኬልና ዚንክ ያለበት ፌራይት በትይዩ ባያስ ከሚያባክነው ጋር ሲነጻጸር የዚህ ብክነት በብዙ ያንሳል።

ታዲያ ለምን ሁሉም አልወሰደውም? ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስማይዝ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ1983 የባያሱን አቅጣጫ በማዞር የቱነርን ብክነት መቀነስ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። የአሜሪካው ቤተ ሙከራ ሎስ አላሞስ በዚያው አሥርተ ዓመት ካቪቲ ሠርቶ ሞከረበት። ከዚያ ቫንኩቨር የሚገኘው ትራያምፍ የተባለ ቤተ ሙከራ ካኦን ለተባለው ትልቅ ዕቅዱ ከ46 እስከ 61 ሜጋኸርዝ የሚቃኝ ካቪቲ አዘጋጀ፤ ቴክሳስ ላይ ሲገነባ የነበረው ሱፐርኮላይደርም ከመጀመሪያ ደረጃ ቀለበቶቹ ለአንዱ ከ47.5 እስከ 60 ሜጋኸርዝ ገደማ የሚሄድ ተመሳሳይ ካቪቲ ይዞ ተነሣ። በጥቅምት 1993 የአሜሪካ ኮንግረስ 87 ኪሎ ሜትር ዙሪያ እንዲኖረው የታቀደውን ሱፐርኮላይደር፣ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ያህል ከወጣበትና ዋሻው ከተጀመረ በኋላ ሰረዘው። በ1994 የካናዳ መንግሥት ካኦንን ተወው። በጥቂት ወራት ውስጥ ዘዴው ሁለቱንም ቤቶቹን አጣ። መሐንዲሶቹ ተበተኑ፤ አንዳንዱ ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ፣ አንዳንዱም ከዘርፉ ጨርሶ ወጣ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለቁጭት ብቻ አይደለም። አንድ የምሕንድስና ዘዴ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ «አልሠራ ብሎ ነው» ተብሎ ይመዘገባል። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ወጣት መሐንዲስ የማንም ቀለበት ውስጥ ስላላገኘው ጉድለት ያለበት ይመስለዋል። እዚህ የቀረው ግን ሙሉ ኃይል ላይ የተደረጉ የሙከራ መዝገቦችና ጥቂት የኮንፈረንስ ጽሑፎች ነበሩ፤ ፌርሚላብ ከሁለት አሥርተ ዓመታት በላይ ቆይቶ ሲነሣ መንገድ ያሳዩትም እነሱ ናቸው። ፕሮጀክት ሲዘጋ መጨረሻ የሚታሰበው የመዝገብ ሥራ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል፤ ከወጣው ገንዘብ ተመላሽ ሊሆን የሚችለው እሱ ብቻ ነበርና።

ፌርሚላብ ያነሣው ለዋናው ካቪቲ ምትክ ሳይሆን ለሁለተኛ ሃርሞኒክ ካቪቲ ነው። ፕሮቶኖች ሁሉም አንድ ዓይነት ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ፍጥነታቸው ገና ዝቅተኛ በሆነበት በመግቢያው ላይ መገፋፋቱ ይበረታል። በአንድ ቦታ ተጨናንቀው ሲያዙ ከጨረሩ ያመልጣሉ። ከዋናው ሞገድ ላይ እጥፍ ድግግሞሽ ያለው ሌላ ሞገድ ቢጨመር የሚይዛቸው የኤሌክትሪክ ጎድጓዳ ከታች ይደለደላል፤ ፕሮቶኖቹ ተዘርግተው ይቀመጣሉ፣ መጨናነቁም ይላላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ካቪቲ ከ76 እስከ 106 ሜጋኸርዝ ገደማ መቃኘት አለበት፤ የቮልቴጅ ግቡም 100,000 ቮልት ነው። የተራው ኒኬል ዚንክ ፌራይት በዚህ ከፍታ ላይ አያዋጣም። ስለዚህ አሉሚኒየም የተጨመረበት የኢትሪየምና የብረት ጋርኔት፣ ያ ባለ 800 ጋውሱ፣ በቀጥ ማዕዘን ባያስ እንዲሠራ ተመረጠ።

እዚህ ላይ የዘዴው እውነተኛ ፈተና ይታያል። የእነዚያ ዘዋሪ መግነጢሶች የራስ ምት በእያንዳንዱ ኦርስቴድ 2.8 ሜጋኸርዝ ነው። በ76 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ካቪቲ ውስጥ፣ የጋርኔቱ አንድ ጥግ መስኩ ወደ 27 ኦርስቴድ ዝቅ ቢልበት፣ የዚያ ጥግ ምት ከሬዲዮው ምት ጋር ይገጥማል፤ የሬዲዮውን ኃይል እየመጠጠ ይግላል። የቀረው ቀለበት ሁሉ ጤናማ ሆኖ ሳለ ያች ጥግ ብቻ ልትሰነጠቅ ትችላለች። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አማካዩ መስክ ስንት ነው የሚለው አይደለም። በቀለበቱ ውስጥ፣ በዳሮቹና በማዕዘኖቹ ሳይቀር፣ ዝቅተኛው መስክ ስንት ነው የሚለው ነው። ለዚህ ሲባል የማግኔቱ ቅርጽ፣ የብረት ማሰባሰቢያው፣ የቀለበቶቹ ጫፍ ሳይቀር በኮምፒውተር ተደጋግሞ ይሰላል። ጋርኔቱን ለማቀዝቀዝ ሙቀትን በደንብ የሚያሳልፍ የአሉሚና ሴራሚክ በጎኑ ይጣበቃል። ሌላም ችግር አለ፦ ባያሱ በሰከንድ 15 ጊዜ ሲለዋወጥ በቱነሩ የብረት ግድግዳ ላይ ሽክርክሪት ጅረት ይፈጥራል፤ ግድግዳው ካልሳሳ ወይም ካልተሰነጠረ መስኩ በሰዓቱ ጋርኔቱ ጋር አይደርስም። የሬዲዮው ሞገድ ግን ግድግዳው ምንም ክፍተት እንዳይኖርበት ይፈልጋል። ሁለቱን ማስታረቅ የመሐንዲሱ ሥራ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተለወጠው ፊዚክሱ አልነበረም። ይህን መስክ ነጥብ በነጥብ የማስላት አቅም ግን ከያኔው ጋር አይወዳደርም።

ወደ ተፎካካሪው እንሂድ። የጃፓኑ ሂታቺ ሜታልስ ያወጣው፣ ፋይንሜት በመባል የሚታወቀው ቅይጥ፣ ከጥቃቅን የብረት ክሪስታሎች የተሠራ ስስ ጥብጣብ ሲሆን ተጠቅልሎ ቀለበት ይሆናል። ሙሌቱ ከፌራይት በብዙ ይበልጣል፣ ሙቀትም አይበግረውም። ከሁሉ በላይ መቃኘት አያስፈልገውም፤ ባንዱ ሰፊ ስለሆነ ድግግሞሹ ቢሄድ ቢመጣ ካቪቲው ይቀበለዋል። ቶካይ ላይ ያለው የጃፓኑ ጄፓርክ በሰከንድ 25 ጊዜ የሚሠራውን ባለ 3 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ቀለበቱን በዚህ ሠርቶ በአንድ ሜትር ከ20,000 ቮልት በላይ አግኝቶበታል። ሰርን ከ2019 እስከ 2020 በነበረው ረጅም እረፍት ፒኤስ ቡስተር የሚባለውን የራሱን ቀለበት አሮጌ የፌራይት ካቪቲዎች አውጥቶ በፋይንሜት ተክቷል። ባያስ የለም፣ ባያስ የሚመግብ የሺህ አምፔር ምንጭ የለም፣ ዋናውና ሁለተኛው ሃርሞኒክም በአንድ ካቪቲ ይሠራሉ። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ እኔም በዚያ ቦታ ብሆን የተለየ አልመርጥም ነበር።

ሰፊ ባንድ ግን በነጻ አይገኝም። ካቪቲው ሁሉን የሚቀበለው ሁሉን ስለሚያባክን ነው። በውስጡ ያጠራቀመውን ጉልበት በአንድ ሁለት ዙር ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ጨረር ኖረም አልኖረም ትልልቅ ማጉያዎች ያለማቋረጥ ይመግቡታል፣ ትልልቅ የውሃ መስመሮችም ሙቀቱን ይጠርጋሉ። በጥቂት ሜጋኸርዝ ላይ ይህ የሚከፈል ዋጋ ነው። በ50 እና በ100 ሜጋኸርዝ ግን አያዋጣም። በእንግሊዝ ያለው አይሲስ የተባለ አክሰለሬተር ከ1.3 እስከ 3.1 ሜጋኸርዝ፣ የሰርኑ ፒኤስ ደግሞ ከ2.8 እስከ 10 ሜጋኸርዝ እስካሁን በፌራይት ይሠራሉ። ይህ የልማድ ጉዳይ ነው ሊባል ይችላል። ዳርምሽታት ውስጥ በመገንባት ላይ ያለው ፌር የተባለ የአክሰለሬተር ማዕከል ግን ከባዶ ተነሥቶ ነው የመረጠው፦ ጨረሩን ለማፍጠን የፌራይት ካቪቲ፣ ለአፍታ ብቻ ለሚሠራው ጨረር ማጥበቂያ ደግሞ የመግነጢሳዊ ቅይጥ ካቪቲ። ረጅም ሰዓት የሚሠራው ላይ ብክነት ተቆጠረ፤ ለቅጽበት የሚሠራው ላይ ጉልበት ተቆጠረ። የኤሌክትሪክ ዋጋ ለቤተ ሙከራዎች የሕልውና ጥያቄ እየሆነ ባለበት ጊዜ ይህ ስሌት ወደ ፌራይት ያደላል፤ በትንሽ ብክነት ወደሚሠራው ቀጥ ማዕዘን ባያስ ደግሞ ይበልጥ ያደላል የሚል እምነት አለኝ።

ፌርሚላብ ራሱ በቅርቡ አዲስ ሁኔታ ውስጥ ይገባል። ፒአይፒ 2 በተባለው ፕሮጀክት የሚገነባው ሱፐርኮንዳክቲንግ መስመራዊ አክሰለሬተር ፕሮቶኖችን ለቡስተር የሚያደርሰው በ400 ሳይሆን በ800 ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ነው፤ ዓላማውም ሳውዝ ዳኮታ ድረስ 1,300 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የኒውትሪኖ ጨረር መመገብ ነው። የመግቢያው ድግግሞሽ ከ37.8 ወደ 44.7 ሜጋኸርዝ ከፍ ስለሚል የሚቃኘው ስፋት ከ15 ወደ 8 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። ለአሮጌው ትይዩ ቱነር ይህ እፎይታ ነው፤ ብክነቱ የከፋበትን የዑደቱን ታችኛ ክፍል ይዘለዋልና። በሌላ በኩል ዑደቱ በሰከንድ ከ15 ወደ 20 ከፍ ይላል፤ 33 የነበረው ሚሊ ሰከንድ 25 ይሆናል፣ ፕሮቶኖቹን በዚያ ፍጥነት ለማውጣትም ካቪቲዎቹ የበለጠ ቮልት መስጠት አለባቸው። የፕሮቶኖቹ መገፋፋት በከፍተኛው ጉልበት ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በአንድ ዑደት የሚገባው ቁጥር በ50 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ትርፉ በአብዛኛው ይበላል። ስለዚህ ሁለተኛ ሃርሞኒክ ካቪቲ የሚሰጠው ጥቅም አይቀርም፤ ከ76 ይልቅ ከ89 ሜጋኸርዝ ብቻ መነሣት ስለሚበቃውም ሥራው ይቀልለታል። በ89 ሜጋኸርዝ የሚፈራው መስክ 32 ኦርስቴድ ነው፤ ባያሱም ከዚያ በላይ ርቆ ይጀምራል። ጋርኔቱ በጠባብ ስፋት፣ በጠንካራ ባያስ፣ በዝቅተኛ ብክነት ይሠራል ማለት ነው።